ክፈፉ ከሥዕሉ ውጭ ይሁን

የፎቶግራፍ ማስተካከያ ሶፍትዌር መማር የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚለምዳቸው ነገሮች አንዱ በፎቶግራፍ ዙሪያ ክፈፍ ማስገባት ነው። የፎቶ ቤት ባለሙያዎቻችን «ፍሬም» ይሉታል። ሥራው ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅ ከማድረግ አያልፍም፤ ውጤቱም ወዲያውኑ ዓይን ይስባል፤ ተራ የነበረው ፎቶ ድንገት ያለቀለት ሆኖ ይታያል። ከዚህ ቀላልነቱ የተነሣ ይመስለናል፣ በተግባሩ ውስጥ አንዳች ሳይንሳዊ ጥያቄ አለ ብሎ የሚያስብ ሰው እምብዛም የማይገኘው። እኛ ግን አለ እንላለን። ጥያቄውም ይህ ነው፦ የምናስገባው ክፈፍ በፎቶግራፉ ላይ የሚጨመር ነው ወይስ ከፎቶግራፉ የሚቀነስ?

ነገሩን እንድናነሣ ያስገደዱን በየዓመቱ የምናነባቸው የመመረቂያ ጽሑፎችና የቤተ ሙከራ ዘገባዎች ናቸው። ዲጂታል ካሜራና ካሜራ ያለው ሞባይል በተማሪው እጅ ከገቡ ወዲህ ዘገባዎቹ በፎቶግራፍ ተሞልተዋል፤ ይህም የሚያስደስት ነው። ለአብነት ያህል አንዱን እንጥቀስ። ተማሪው የቀይ ሌዘር ብርሃን በሁለት ቀጫጭን ስንጥቆች አሳልፎ በግድግዳ ላይ የተፈጠረውን የብርሃንና የጨለማ መስመሮች ተርታ ፎቶ አንሥቷል። ጠንቃቃ በመሆኑም ከመስመሮቹ ሥር በሚሊሜትር የተከፋፈለ ማስመሪያ ለጥፎ ነበር። የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት ለማስላት ሦስት ርቀቶች ያስፈልጋሉ፤ በስንጥቆቹ መካከል ያለው፣ ከስንጥቆቹ እስከ ግድግዳው ያለው፣ እንዲሁም በሁለት ተከታታይ ብሩህ መስመሮች መካከል ያለው። ሦስተኛውን የሚነግረን ያ ማስመሪያ ነው። ዘገባው እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ፎቶግራፉ ወፍራም ጥቁር ክፈፍ ተበጅቶለት፣ ማስመሪያው ከነቁጥሮቹ በክፈፉ ሥር ተቀብሮ ነበር። ዋናውን ፋይል እንዲያመጣ ስንጠይቀው በዚያው ስም ላይ ደርቦ እንዳስቀመጠው ነገረን። ከቀረው ሥዕል መስመሮቹ እኩል መራራቃቸውን ማረጋገጥ ይቻላል፤ አንዱን ርቀት ከሌላው ጋር ለማነጻጸር ማስመሪያ አያስፈልግምና። የሞገድ ርዝመቱን ግን ከዚያ ሥዕል ማንም ሊያወጣው አይችልም። ሙከራው እንደገና ተሠራ።

ተማሪው ሰነፍ አልነበረም፤ እንዲያውም ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ክፈፉን ለማሳመር ባልደከመ ነበር። ጉድለቱ ከሥልጠናው ነው። በየሠፈሩ የሚሰጡት የኮምፒውተር ሥልጠናዎች የትኛው ቁልፍ የትኛውን ነገር እንደሚከፍት በሚገባ ያስተምራሉ፤ ቁልፉ ሲነካ በሥዕሉ ቁጥሮች ላይ ምን እንደሚደርስ ግን አያነሡም።

ዲጂታል ፎቶግራፍ ከሁሉ አስቀድሞ የቁጥሮች ሠንጠረዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ራስል ኪርሽ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ የሦስት ወር ልጁን ፎቶ ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባ፣ ሠንጠረዡ 176 ረድፍና 176 ዓምድ ብቻ ነበረው። ዛሬ በተራ ሞባይል የሚነሣ ፎቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፒክስሎች አሉት፤ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ብርሃን ከ0 እስከ 255 የሚደርሱ ሦስት ቁጥሮችን ይይዛል። እነዚህ ቁጥሮች የመለካት ውጤቶች ናቸው። መዝጊያው ተከፍቶ በነበረባት ቅጽበት በካሜራው የብርሃን መቀበያ ላይ በዚያች ነጥብ ምን ያህል ብርሃን እንዳረፈ ይመሰክራሉ። (ካሜራው ራሱ ቁጥሮቹን ሳያስተካክል እንደማይሰጠን የሚያውቅ አንባቢ ይኖራል፤ ልክ ነው፤ ይሁንና መነሻው መለካት መሆኑን ይህ አይለውጠውም።) የክፈፍ ፒክስል ግን ምንም አይመሰክርም። 255፣ 255፣ 255 የሚለው ነጭ ክፈፍ የመጣው ከብርሃን ሳይሆን ከእኛ ውሳኔ ነው። የተለኩ ቁጥሮችን ባልተለኩ ቁጥሮች መክበብ አያስነቅፍም፤ መተካት ግን ያስነቅፋል።

እናስላው። 1600 በ1200 የሆነ ፎቶግራፍ 1,920,000 ፒክስሎች አሉት። በአራቱም ጎን የ50 ፒክስል ክፈፍ ከውጭ ብንጨምርለት አዲሱ ሥዕል 1700 በ1300፣ ማለትም 2,210,000 ፒክስሎች ይሆናል። 290,000 ፒክስሎች ተጨምረዋል፤ ከተለኩት ግን አንድም አልጠፋም። ያንኑ ክፈፍ ወደ ውስጥ ብንሥለው የሥዕሉ መጠን 1600 በ1200 እንደሆነ ይቀራል፤ ያልተነካው መካከለኛ ክፍል ግን 1500 በ1100 ብቻ ነው። 270,000 ፒክስሎች፣ ይኸውም ከመቶ 14 ያህሉ፣ ተሰርዘዋል። ስፋቷ ከሥዕሉ ወርድ ከመቶ 3 ያህል ብቻ የሆነች መስመር ከመቶ 14 መውሰዷን በክፍል ውስጥ ስንናገር የማይገረም ተማሪ ጥቂት ነው፤ መስመሯ አራቱንም ጎን እንደምትዞር ይዘነጋል። ከሁሉ የከፋው ግን ሁለቱ ውጤቶች በስክሪን ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ መንትዮች መምሰላቸው ነው። የጎደለውን የሚያውቀው ዋናውን ያየ ሰው ብቻ ነው።

ብዙዎች ሳያውቁት ወደዚህ ስሕተት የሚገቡበት መንገድ አስተማሪ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር እናድርገው። እ.ኤ.አ. በ1990 ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ በቀረበውና በአገራችን ፎቶ ቤቶች ዘንድ እጅግ በታወቀው በፎቶሾፕ «ኤዲት» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ «ስትሮክ» የሚባል ትእዛዝ አለ። ትእዛዙ በተመረጠው ቦታ ዙሪያ መስመር ያሠምራል፤ መስመሩም ከውስጥ፣ ከመካከል ወይም ከውጭ እንዲያርፍ ምርጫ ይሰጣል። ተማሪው መላውን ሥዕል መርጦ «ከውጭ» ቢል ምንም ነገር አይታይም፤ ከሥዕሉ ውጭ መስመሩ የሚያርፍበት ቦታ የለምና። «ከመካከል» ቢል የመስመሩ ግማሽ ብቻ ይታያል። ስለዚህ «ከውስጥ» ይላል፤ ክፈፉም እንደተመኘው ሙሉ ሆኖ ይመጣለታል። ሶፍትዌሩ አንዲት የማስጠንቀቂያ ቃል እንኳ አይናገርም። መንገዱን ያስተካከለ ሰው አስቀድሞ ቦታውን ያሰፋል። በዚያው ሶፍትዌር «ኢሜጅ» ከሚለው ሥር «ካንቫስ ሳይዝ» የሚል አለ፤ ካንቫስ ሥዕሉ የተቀመጠበት ሸራ መሆኑ ነው። «ሪላቲቭ» በምትለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርገን በወርድም በቁመትም 100 ፒክስል ብንጽፍ ሸራው በእያንዳንዱ ጎን በ50 ፒክስል ይሰፋል፤ የሰፋው ቦታ ምን ዓይነት ቀለም እንዲኖረው እዚያው እንመርጣለን። ከጎኑ ያለው «ኢሜጅ ሳይዝ» ስሙ ቢመሳሰልም ሥራው ሌላ ነው፤ እርሱ ፒክስሎቹን ራሳቸውን እንደ አዲስ ያሰላቸዋል፤ ለክፈፍ ሥራ አያስፈልግም።

ያለ ክፍያ በሚገኘው ጊምፕ ደግሞ «ፊልተርስ» ውስጥ ካለው «ዲኮር» ከሚባለው ክፍል «አድ ቦርደር» የሚለውን ብንመርጥ፣ ሶፍትዌሩ ሸራውን ራሱ አስፍቶ ክፈፉን በአዲሱ ቦታ ላይ ያኖረዋል፤ በሥዕሉ ላይ አይቀባም። ለተማሪ ከሁለቱ የትኛውን ትመክራላችሁ ብንባል ያለ ማመንታት ጊምፕን እንላለን፤ ስለ ዋጋውም፣ ስለዚህችም ትሕትናው።

ክፈፍ ኮምፒውተር ያመጣው ነገር አይደለም። በቤተሰብ አልበም ውስጥ ያሉት የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ብዙዎቹ ነጭ ጠርዝ አላቸው። ፎቶ አጣቢው በጨለማ ክፍል ውስጥ ብርሃን በወረቀቱ ላይ ሲያሳርፍ ወረቀቱ እንዳይጠቀለል ጠርዞቹን በብረት ዘንጎች ይይዘው ነበር፤ ዘንጎቹ የሸፈኑት ቦታ ብርሃን ስለማያገኘው ነጭ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ፖላሮይድ ኤስ.ኤክስ-70 የሚያወጣው ፎቶ ከግርጌው ሰፊ ነጭ ጠርዝ ያለውም ለውበት ተብሎ አይደለም። ሥዕሉን የሚያወጣው ኬሚካል የታሸገበት ከረጢት የሚቀመጠው እዚያ ነበር፤ ፎቶው ከካሜራው ሲወጣ በሁለት ሮለሮች መካከል ያልፋል፤ ከረጢቱም ተጨምቆ ኬሚካሉ በሥዕሉ ላይ ይዳረሳል። የታዋቂው ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ የኦንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ፎቶዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቀጭን ጥቁር መስመር ተከበው ይታተሙ ነበር። ያ መስመር የኔጌቲቩ ባዶ ዳር ነበር፤ ትርጉሙም «ከዚህ ሥዕል ምንም አልተቆረጠም» ማለት ነው። ዛሬ ያንኑ መስመር ግማሹን በቆረጥነው ፎቶ ዙሪያ በቅጽበት መሣል ስለምንችል መስመሩ የቀድሞ ምስክርነቱን አጥቷል።

ከውጭ አገር ምሳሌ ይልቅ የሚቀርበን ግን የብራና መጽሐፍ ነው። የብራና ጸሐፊ ብራናውን ወግቶና አሥምሮ የጽሑፉን ቦታ ከለየ በኋላ በአራቱም ጎን ኅዳግ ይተዋል። ሐረግ የምንለው በቀለም የተጠላለፈ ጌጥም የሚሣለው ለእርሱ በተተወለት ስፍራ ነው። ያ ሐረግ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከጽሑፉ አንዲት ፊደል አይሸፍንም። «ካንቫስ ሳይዝ» እና «ስትሮክ» የሚለያዩበትን ነጥብ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘንም።

ክፈፉን ከውጭ አደረግነው እንበል። ያን ጊዜም ቢሆን ቀለሙ ምንም አያመጣም ማለት አይደለም። ሚሼል ዩዤን ሼቭረል የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት በፓሪስ የጎብላን የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ በነበረበት ጊዜ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል ቅሬታ ይቀርብለት ነበር። መርምሮ ያገኘው ጥፋቱ ከማቅለሚያው አለመሆኑን ነው፤ ጥቁሩ ደብዝዞ የታየው ከአጠገቡ በተቀመጡት ቀለሞች ምክንያት ነበር። ይህንኑ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1839 በመጽሐፍ አውጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ ባርትልሰንና ብሬነማን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ፎቶግራፍ ዙሪያው ጨለማ ሲሆን በብርሃንና በጨለማ ክፍሎቹ መካከል ያለው ልዩነት ለዓይን ያነሰ እንደሚመስል፣ ዙሪያው ብሩህ ሲሆን ደግሞ የበዛ እንደሚመስል አሳይተዋል። ቁጥሮቹ ሳይነኩ የሚታየው ነገር ይለወጣል ማለት ነው። ስለዚህም ነው የፎቶግራፍና የኅትመት ቀለም የሚመዘንበት ዓለም አቀፍ ደረጃ የሥዕሉ ዙሪያ ከማንኛውም ቀለም ነፃ እንዲሆን የሚጠይቀው። ሁለት ናሙናዎችን በብሩህነታቸው የሚያነጻጽር ተማሪ አንዱን በነጭ፣ ሌላውን በጥቁር ክፈፍ ካቀረበ አንባቢው ዓይን ላይ አስቀድሞ ፈርዶበታል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ክፈፍ፣ ቢቻል ግራጫ፣ ያስፈልጋል። አበባና ልብ የተሣለባቸውን ክፈፎች በተመለከተ ለሠርግና ለልደት ፎቶ ማንም ደስ ያለውን ቢያደርግ ተቃውሞ የለንም፤ ለቤተ ሙከራ ዘገባ ግን አይሁን።

ከውጭ የተጨመረ ክፈፍ እንኳ ሊያሳስት የሚችልበት ሁኔታ አለ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላና በአካባቢው የታየውን የቀለበት ግርዶሽ የሚያስታውሱ አንባብያን ብዙ ናቸው። እንዲህ ባለው ፎቶ ሰማዩ ጥቁር፣ የፀሐይ ቀለበት ብሩህ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ፎቶ ዙሪያ ጥቁር ክፈፍ ቢጨመር ሰማዩ የት እንዳበቃና ክፈፉ የት እንደጀመረ ማን ይለያል? የካሜራው እይታ በወርድ 2 ዲግሪ፣ ፎቶው 1600 ፒክስል ነው እንበል። የፀሐይ ክብ 424 ፒክስል ቢለካ ማዕዘናዊ ስፋቷ 0.53 ዲግሪ ይሆናል፤ ይህም ትክክል ነው። በግራና በቀኝ 100 ፒክስል ጥቁር ክፈፍ ተጨምሮ ሥዕሉ 1800 ፒክስል ከሆነና አንባቢው ይህን ካላወቀ ስሌቱ 0.47 ዲግሪ ይሰጠዋል። ፀሐይ በአንድ ክፈፍ ምክንያት ከመቶ 11 አነሰች። ለጥቁር ሥዕል ጥቁር ክፈፍ፣ ለነጭ ሥዕል ነጭ ክፈፍ አይስማማም የምንለው ስለዚህ ነው። ግድ ከሆነም በሁለቱ መካከል አንዲት ቀጭን ግራጫ መስመር ትግባ።

የሥራው ቅደም ተከተልም ቸል የሚባል አይደለም። ክፈፍ የመጨረሻው ሥራ መሆን አለበት። አማካይ ብሩህነቱ 100 በሆነው በዚያው በ1600 በ1200 ፎቶ ላይ የ50 ፒክስል ነጭ ክፈፍ ብንጨምር የመላው ፋይል አማካይ ወደ 120 ይወጣል። ብሩህነትን በራሱ የሚያስተካክለው ትእዛዝም የክፈፉን ነጭ የሥዕሉ ነጭ መስሎት ይታለላል። በጄፔግ የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። ጄፔግ ሥዕሉን 8 በ8 በሆኑ አነስተኛ ካሬዎች ከፋፍሎ ያጭቃል፤ የክፈፉ ሹል ጠርዝ በአንድ ካሬ መካከል ከወደቀ በካሬው ውስጥ ባሉት የሥዕሉ ፒክስሎች ላይ የሞገድ መሰል ጥላ ይረጫል። የክፈፉ ስፋት 50 ከሚሆን 48 ወይም 64 ቢሆን ጠርዙ ከካሬዎቹ ድንበር ጋር ይገጥማል። በፒ.ኤን.ጂ. ቢቀመጥ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም።

በሌላ በኩል «ፎቶግራፍ ጨርሶ ክፈፍ አያስፈልገውም» የሚሉ ሰዎችም አሉ። ከእነርሱም ጋር አንስማማም። ክፈፍ የሚያድንበት ጊዜ አለ። የብዙ ካሜራዎችና ሞባይሎች ፎቶ 4 ለ3 የሆነ ቅርጽ አለው፤ ፎቶ ቤት የሚታተምበት የተለመደው ወረቀት ግን 10 በ15 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 3 ለ2 ነው። ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን ከተፈለገ ሥዕሉ 15 በ11.25 ሴንቲሜትር ይሆንና ከቁመቱ 1.25 ሴንቲሜትር፣ ከመቶ 11 ያህል፣ ይቆረጣል። በምረቃ ቀን በተነሣ የቡድን ፎቶ ላይ ከኋላ የቆሙት ቆብ፣ ከፊት የተቀመጡት እግር የት እንደሚገባ የደረሰበት ያውቃል። ሥዕሉን 12 በ9 ሴንቲሜትር አድርገን ከላይና ከታች ግማሽ ግማሽ፣ ከግራና ከቀኝ አንድ ተኩል አንድ ተኩል ሴንቲሜትር ነጭ ክፈፍ ብንተውለት ግን ማንም አይቆረጥም።

ከዚህም የሚበልጥ አገልግሎት አለው። በሥነ ሕይወት ምርምር ከተለያዩ ቦታዎች የተወሰዱ የሥዕል ቁራጮችን አጠጋግቶ እንደ አንድ ሥዕል ማቅረብ ብዙ ችግር አስከትሏል። «ጆርናል ኦፍ ሴል ባዮሎጂ» የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለኅትመት የተቀበላቸውን ጽሑፎች ሥዕሎች መመርመር ጀመረ፤ ደንቡም ቁራጮቹ በተገናኙበት ቦታ መለያ መስመር እንዲሠመር ወይም መለያየታቸው በግልጽ እንዲታይ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣና 20,621 ጽሑፎችን የመረመረ ጥናት ከመቶ 3.8 በሚሆኑት ውስጥ አጠራጣሪ ሥዕሎች ማግኘቱን ገልጿል። በዚህ ስፍራ ያቺ ቀጭን መስመር ጌጥ አይደለችም፤ «ይህና ያ አንድ አይደሉም» የምትል የጸሐፊው ቃል ናት።

የመመረቂያ ጽሑፍ መመሪያዎች ለወረቀቱ ኅዳግ ከግራ ይህን ያህል፣ ከቀኝ ይህን ያህል ሴንቲሜትር እያሉ በጥንቃቄ ይደነግጋሉ። ስለ ፎቶግራፉ ኅዳግ የሚናገር መመሪያ ግን እስካሁን አላየንም። ሁለት ዐረፍተ ነገር ቢጨመርበት ለጊዜው ይበቃ ነበር። አንደኛው፣ ክፈፍ የገባበት ማንኛውም ፎቶ ካልተነካው ዋና ፋይል ጋር ይቅረብ የሚል ነው፤ ፋይሎቹን ለመያዝ አንዲት ፍላሽ ትበቃለች። ሁለተኛው በሥዕሉ መግለጫ ውስጥ የሚገባ ነው፤ በእኛ በኩል የምናማክራቸው ተማሪዎች ከሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ እንዲህ ብለው እንዲጽፉ እንጠይቃለን፦ «ዋናው ፎቶ 1600 በ1200 ፒክስል፤ ክፈፍ 48 ፒክስል፣ ግራጫ፣ ከውጭ።»